የገዛሽልኝ ጭስ

ትርሲትዬ፣

እጄ ለምዶ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ ልጀምር ነበር። አንቺ ያለሽበት ጤናም ሕመምም እንደማይጠየቅ ትዝ ሲለኝ እስክሪብቶውን አስቀምጬ ጓሮ ዞር ብዬ መጣሁ። እንግዲያው የራሴን ልንገርሽ። ደህና ነኝ። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሮማኗ ዘንድሮም አፍርታለች። አምና ማንም ዞር ብሎ ስላላያት ወፍ ጨረሳት፤ ዘንድሮ ግን እኔው ለቅሜ ለጎረቤት አዳርሻለሁ፤ ውሻቸው ይጮህብሽ ለነበረው ሰዎች ሳይቀር።

ሌላው ወሬ፣ ሲጋራ አቁሜያለሁ። «ይኼ ደግሞ ስንተኛው ነው?» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ስቀሽ ስትጨርሺ ታዳምጪኛለሽ። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ግማሹም ያንቺ ነው።

ቤቱ ይፈልግሻል። ይህን የምለው ለማባበል አይደለም። የጋራዡ በር ግማሽ ድረስ ወጥቶ ይቆምና ሐሳቡን ቀይሮ ተመልሶ ይወርዳል። ልብስ ማጠቢያው ሊጨርስ ሲል እየዘለለ ከግድግዳው ይሸሻል። አንቺ ጎንበስ ብለሽ አንድ ነገር ነካ ስታደርጊለት ዝም ይል የነበረው ሁሉ እኔን ሲያይ ይጮኻል። ዕቃ ሲበላሽበት ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚመታ አለ፣ የሚፈታ አለ። እኔ የትኛው እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ሊያም ባየችኝ ቁጥር፣ ልጃችን መሆኗን እስክጠራጠር ድረስ ትስቅብኛለች።

የተዋወቅነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ካርድ ከማድልበት ጠረጴዛ ጀርባ አንድ ስሎት የሚሉት የቁማር ማሽን ተይዞ ይጮኻል፤ አንዲት ሴትዮ በጥፊ ትለዋለች። አንቺ ቁልፎችሽን ከወገብሽ አንጠልጥለሽ መጣሽ፤ ሴትዮዋን በትሕትና ገለል አድርገሽ ተንበረከክሽና ሆዱን ከፈትሽው። የካዚኖው የጥገና ሠራተኛ መሆንሽን ሳላውቅ ዓይን የምትሞዪ ሆነሽ ታየሽኝና፣ ልረዳሽ የሚችል ሰው ልጥራልሽ ወይ ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅሁሽ። ደረቴ ላይ ያለውን ስሜን አይተሽው ኖሯል፤ ቀና እንኳ ሳትዪ በአማርኛ «የሚጠሩት ሰው እኔ ነኝ» አልሽኝ። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ካርድ ተሳስቼ አደልኩ።

ደግሞ የእጄን ልማድ ታስታውሺያለሽ። እኛ ካርድ አዳዮች፣ ዲለሮች የሚሉን፣ ከጠረጴዛ ስንነሣ አጨብጭበን መዳፋችንን ገልብጠን ለካሜራ ማሳየት አለብን፤ ምንም እንዳልያዝን እንዲታይ። ይህ አመል ቤት ድረስ ተከትሎኝ ገብቶ ከማዕድ ስነሣም ሳላውቀው አጨበጭብ ነበር። አንቺም ከሳህንሽ ቀና ሳትዪ «ታይቷል፣ ሂድ» ትዪኝ ነበር። የቀብርሽ ዕለት አፈር ካለበስኩሽ በኋላ እጄን አጨብጭቤ መዳፌን ገልብጬ ቆምኩ። ሰዉ ጸሎት መሰለው። እኔ ግን «ታይቷል፣ ሂድ» የሚለኝ አጥቼ ከዚያ ቦታ መንቀሳቀስ አቃተኝ። ሊያ ናት ክንዴን ይዛ መኪናው ድረስ የወሰደችኝ።

ወደ ሲጋራው ልመለስ። እውነት ለመናገር ሲጋራን ለመተው የቸገረኝ ሱሱ ብቻ አልነበረም። የአንቺና የእኔ ጨዋታ የተለካው በሲጋራ ነው። ከሥራ ገብቼ ጓሮ ደረጃው ላይ ስቀመጥ፣ አንቺ ሽታውን ስለማትወጂ ወንበርሽን ዝንብ ከሚከለክለው የሽቦ ወንፊት በር ወዲያ ማዶ ትስቢና በወንፊቱ ውስጥ እናወራለን። የእኔ ጠረጴዛ ላይ ማን እንደተናደደ፣ ያንቺ ማሽን ሆድ ውስጥ ምን እንደተገኘ፣ ሊያ ምን እንዳለች። ሲጋራው ሲያልቅ ወሬውም ያልቅና እንገባለን። ወሬው ሲጣፍጥ ግን «ሌላ ለኩስ እንጂ» ትዪኝና ወዲያው አፍሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ። አቁም የምትዪኝም አንቺ፣ ለኩስ የምትዪኝም አንቺ፤ እኔ ምን ላድርግ? እነዚያን ምሽቶች እንደምወዳቸው ነግሬሽ እንደሆነ አላስታውስም፤ እወዳቸው ነበር።

ያቺን የቬፕ ዕቃ፣ ሲጋራን እንድተውባት በባትሪ እንፋሎት የምትሰጠዋን፣ የገዛሽልኝን ቀን ደግሞ አልረሳውም። ቻይናታውን ሾርባ በልተን ስንወጣ እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ ማጨስ ጀመርኩ። ዞር ስል የለሽም። ከምግብ ቤቱ ጎን ባለው የቬፕ ሱቅ መስተዋት ውስጥ ሳይሽ ሻጩን በጥያቄ አፋጥጠሽዋል። ሰው ሁሉ የሚወስደውን፣ ሲያልቅ የሚጣለውን ዓይነት ሲያሳይሽ በእጅሽ ገፋ አደረግሽበት። የማይፈታ ዕቃ አልገዛም ብለሽው እንደነበር በኋላ ነገርሽኝ። ውስጧ የሚታይ፣ ክፍል ክፍሏ የሚወጣና የሚታጠብ አስመጥተሽ፣ በመዳፍሽ መዘን መዘን አድርገሽ መርጠሽ፣ ትንሿን ካርቶን ይዘሽ ወጣሽ። በዕረፍትህ ቀን ቁጭ ብለን እናያታለን አልሽኝ። ያ የዕረፍት ቀን አልመጣም። ብዙም ሳይቆይ ታመምሽ፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስንል ብርዱ አልፎ ፋሲካ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ አንቺ የለሽም።

ካንቺ በኋላ በፊት ከማጨሰው እጥፍ አጨስኩ። ሲነጋጋ ሳሉ ከአልጋ አስነሥቶ ያስቀምጠኛል። ዘንድሮ ዓቢይ ጾም ሲገባ እንደ ልማዴ በጾሙ እንኳ ሲጋራ ላቁም አልኩ፤ በየዓመቱ እለዋለሁ፣ በየዓመቱ ሳምንት አይሞላኝም። ለቴሌቪዥኑ ሪሞት ባትሪ ስፈልግ የመፍቻዎችሽን መሳቢያ ከፈትኩ። ካርቶኗ እዚያ አለች። ማሸጊያዋ ተቀዷል። እስከ ዕረፍቴ ቀን ልትጠብቂኝ ብለሽ አላስችል ሲልሽ ቀድመሽ ከፍተሽ አይተሻታል። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ብቻዬን አለቀስኩ።

በውስጧ እየጋለ የሚጨሰውን ፈሳሽ ልገዛ ያንኑ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ጣዕም ምረጥ ብሎ አንዱን አሸተተኝ፤ ወተትና ቫኒላ ያለበት የሚጣፍጥ ነገር ነው። እኛ ጾም ላይ ነን፣ እውነተኛ ወተት አለበት ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው ሱቅ ከከፈተ እንዲህ ያለ ጥያቄ የቀረበለት አይመስለኝም። ጠርሙሱን ዙሪያውን አነበበ፤ ጓደኛውን ጠራው፤ ሁለቱም አነበቡ። በመጨረሻ ማንጎ ይዤ ወጣሁ። ማንጎ መቼም አያስገድፍም።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ነው። መጀመሪያ ፈሳሹን በመሐል ባለው ቀዳዳ ሞላሁት። ያ ለካ የአየር መተላለፊያዋ ነው፤ ስስባት ማንጎው አፌ ውስጥ ግልብጥ አለ፤ ምላሴ ሚጥሚጣ እንደነካው ተቃጠለ። መሙያዋ በጎን መሆኑን ሳውቅ ደግሞ ሞልቼ ወዲያው ሳብኳት። ውስጧ ኮይል የሚሉት፣ ጥጥ የታቀፈ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ጥጡ ፈሳሹን ጠጥቶ እስኪርስ ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል። እኔ ማንን ታግሼ አውቃለሁ? ጥጡ አረረ፤ ጉሮሮዬ የተቃጠለ ጨርቅ የዋጠ መሰለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሉ የለ፣ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም፤ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ እስከ ዛሬ ማንጎ ማንጎ ይላል። ተናድጄ በጥፊ አልኳት። አዎ፣ መታኋት።

አሳሳቤም ችግር ነበር። ሲጋራ አጥብቆ ነው የሚሳበው፤ ይህችኛዋ ትኩስ ሻይ እንደሚጠጣ ሰው ቀስ እያሉ ነው። ደግሞ ሲጋራ ያልቃል፤ በቃህ ግባ ይልሃል። እሷ አታልቅም፤ መቼ እንደሚበቃኝ የሚነግረኝ አጥቼ ደረጃው ላይ ፈዝዤ እቀራለሁ። ሥራ ቦታማ አይወራ። ደንበኛው ሲጋራውን ለኩሶ ፊቴ ላይ ሲለቅብኝ፣ እኔ ካርድ እያደልኩ ምራቄን እውጣለሁ። በዕረፍት ሰዓት እሮጣለሁ፤ እሷ ወይ ፈስሳ ትጠብቀኛለች፣ ወይ አርራ ትጠብቀኛለች፣ ወይ ባትሪዋ አልቆ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቀኛለች።

የሥራ ጓደኞቼ ጣላትና የሚጣለውን ዓይነት ግዛ አሉኝ። ሊያም ስልክ በደወለች ቁጥር «ዳዲ፣ በቃ ዲስፖዘብል ግዛ፣ ኢዚ ነው» ትለኛለች። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንቺ የመረጥሽልኝ የመጨረሻው ነገር ይህች ናት። እሷን መጣል አንቺን ሁለተኛ መቅበር ሆኖ ታየኝ። እሷ ካልሠራች ደግሞ ወደ ሲጋራዬ እንደምመለስ አውቀው ነበር። ሁለቱንም ፈራሁ።

ሙት ዓመትሽ ደረሰ። አክስትሽ እትዬ በላይነሽ ያን ሁሉ መንገድ ከአዲስ አበባ መጡ፤ አሳድገውሽ ባይመጡ ነበር የሚገርመኝ። ጸሎቱ አልቆ ሰዉ አዳራሹ ውስጥ ምግብ ሲይዝ እኔ ከኋላ ወጥቼ ግድግዳ ተጠግቼ ዕቃዋን ሁለት ጊዜ ሳብ አደረግኋት። በዚህ መካከል እሳቸው በትራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ስልሳ ሊሞላኝ ነው፤ በእሳቸው ፊት ግን አንድም ቀን አጭሼ አላውቅም። እንደ ሲጋራ በመዳፌ ሸፍኜ ቶሎ ወደ ኮቴ ኪስ ከተትኳት። ሲጋራ ቢሆን እጄ ይቃጠል ነበር እንጂ ይጠፋ ነበር። የዕቃዋ ማብሪያ ቁልፍ ግን ኪሴ ውስጥ ተጭኖ ቀረ። ስለ መንገዱና ስለ ጉልበታቸው ስጠይቃቸው ጎኔ መሞቅ ጀመረ፤ ከዚያ ረጠበ፤ ከዚያ ያረረ ማንጎ ሽታ በመካከላችን ተነሣ። ያ ኮት አንቺ ለሊያ ምርቃት የገዛሽልኝ ጥቁሩ ነው።

እትዬ በላይነሽ አሸተቱ፤ ኪሴን አዩ፤ ፊቴን አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ሸብተህም ትደበቀኛለህ? ትርሲት ስትደውልልኝ ‹ሙሌ ጓሮ ተቀምጦ ሲያጨስ ነው እኮ የማወራው› ትለኝ ነበር። ደስ ብሏት ነው የምትለኝ።»

እኔ የማስቸግርሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሁለታችንም ያንን ሰዓት ነበር የምንጠብቀው። እሳቸው በዚያው አፋቸው ቀጥለው፣ እሷ አሁን የለችምና ተወው አሉኝ። ኮቴን አስወልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

በማግስቱ ዕቃዋ ጨርሳ አልሠራም አለች። ብነካት መብራት የለ፣ ብጭናት ድምፅ የለ። ነዳጅ ማደያው ሄጄ አንድ ፓኮ ሲጋራ ገዛሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ለኮስኩ። ስንት ጊዜ የናፈቅሁት ጣዕም ነው፤ ግን ከወንፊቱ በር ወዲያ ማዶ ወንበሩ ባዶውን ነው። አጨስኩት፣ አለቀ። ሌላ ለኩስ የሚለኝ የለም። ሲጋራው አንቺን የሚያመጣልኝ ይመስለኝ ነበር፤ ያመጣው ሳሉን ብቻ ነው። የቀረውን ውኃ አርከፍክፌበት ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት።

ከዚያ ገብቼ እጄን ታጠብኩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ አንቺ ታደርጊው እንደነበረው። ማሽን ስትፈቺ የመጀመሪያውን ብሎን ከግራ ጫፍ ታስቀምጪና የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ወደ ቀኝ ትደረድሪዋለሽ፤ ስትገጥሚ ከቀኝ ጀምረሽ ወደ ግራ ትመለሻለሽ። ምንም ነገር ኪስሽ አታስገቢም፤ ምንም ነገር አፍሽ ውስጥ አትይዢም። ያኔ ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ለምንድን ነው ብዬ እቀልድብሽ ነበር። የአፉን ክፍል ፈታሁ፣ አስቀመጥኩ። ፈሳሹን የሚይዘውን ታንክ ፈታሁ፣ አስቀመጥኩ። ኮይሉን አወጣሁ። ባትሪዋና ኮይሉ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ማንጎው ደርቆ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። በጥጥና በአልኮል ጠረግሁት፤ ቁልፉንም ዙሪያውን ጠረግሁ። አዲስ ኮይል አስገባሁ፤ ጥጡን በጠብታ አራስኩት፤ ከቀኝ ወደ ግራ ገጠምኩ፤ በጎኗ ሞላሁ። ከዚያ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ትርሲት፣ እኔ ጠበቅሁ። ምሳ አሙቄ በላሁ። ተመልሼ ስጫናት ሰማያዊ መብራቷ በራ። አልቅሼ ይሁን ስቄ፣ አሁን መናገር አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ሲጋራ አልነካሁም። ችግሩ አላለቀም፤ ግን ከችግሩ ጋር ተዋወቅን። ሐምሌ ላይ ሊያ እረፍት ስትመጣ ማክሰኞ ማክሰኞ እንሄድበት ወደነበረው ወደ ቦልደር ሲቲ ይዣት ሄድኩ። እነዚያ ቀንዳም የተራራ በጎች እንደ ድሮው ወርደው የመናፈሻውን ሣር ይግጣሉ፤ ማንንም አይፈሩም። አንቺ ተቆጣጣሪ አድርገው እንደላኩሽ ሁሉ አንድ በአንድ ትቆጥሪያቸው እንደነበር እያነሣን ሳቅን። ስንመለስ መኪናው ምድጃ ሆኗል፤ ዕቃዋን መሪው ሥር ትቼያት ኖሮ ፈሳሹ በሙቀት ቀጥኖ ወንበሩ ላይ ወርዷል። ሊያ ያንን የዲስፖዘብል ወሬዋን ታነሣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሶፍት ጉልበቷ ላይ አነጠፈችና እኔ የፈታሁትን እየተቀበለች ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር ጀመረች። አላስተማርኳትም። አንቺም አስቀምጠሽ አላስተማርሻትም። ማየት ብቻ በቅቷት ነው። ተቀባብለን ጠረግን፣ ገጠምን፣ ወደ ቤት ነዳን።

የኒኮቲኑንም መጠን እየቀነስኩ ነው። ሐኪሙ ይህችም ራሷ ብትቀር ይሻልሃል ብሎኛል፤ ልክ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእኔው እንቁላል ገና እግር እያወጣ ነው። ሲነጋጋ የሚያስነሣኝ ሳል ግን የለም። ተኝቼ አድራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የትናንቱ ነገር ነው። ራሔል የምትባል የልጆች እናት ከዴንቨር መጥታ በቅርቡ እኛ ጋ ዲለር ሆና ገብታለች። በዕረፍታችን ሰዓት ሠራተኛ በሚያጨስበት ጓሮ አንድ ነገር በመዳፏ ሸፍና ስትስብ አየኋት። እኔን ስታይ ወደ ኪሷ ልትከት ስትል፣ እኔ ኮት ያቃጠልኩት እንደዚያ ነው አልኳት። ሐበሻ አየኝ ብላ ደንግጣ ነበር፤ ሳቀችና አወጣችው። ሲጋራ ለመተው እንደገዛችው፣ ዛሬ አርሮባት ወደ ሲጋራው ልትመለስ እንደሆነ ነገረችኝ። ከቡና ቤቱ ሶፍት አምጥቼ ግንቡ ላይ አነጠፍኩ። ከግራ ጀምሬ ፈታሁላት፤ ያረረውን አውጥቼ በቦርሳዋ ያለውን አዲሱን አስገባሁላት፤ በጎን ሞላሁላት። አሁን አትሳቢው፣ ትንሽ ታገሺው አልኳት። እስኪርስ ድረስ ስለ ልጆቿ አወራችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ ሳበች፤ ፊቷ ፈታ አለ። ይህን ማን አስተማረዎት አለችኝ። ባለቤቴ ናት አልኳት።

«እጃቸው ይባረክ» አለችኝ። «ሲገቡ ሰላም ይበሉልኝ።»

የለችም ልላት አፌን ከፈትኩ። ግን ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ስምሽ በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነፍስ ይማር ነው የሚለኝ። ከሥራ ስገባ ቤት እንደማገኝሽ አድርጎ ሰላም ያለሽ አንድም ሰው አልነበረም። ያንን ሰላምታ እንዴት ብዬ ልመልስባት? «እሺ፣ እላታለሁ» አልኳት። አንድ ቀን እውነቱን እነግራታለሁ፤ ትናንት ግን ላንቺ የተላከ ነገር ተቀብዬ ወደ ቤት መንዳት ደስ አለኝ። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ነዳሁ።

የተላከ ሰላምታ አደራ ነውና ከዚህ በላይ አላሳድረውም። እረሳሻለሁ ብዬ የምፈራባቸው ቀናት ነበሩ፤ ድምፅሽ እንዴት ነበር ብዬ የተጨነቅሁባቸው። ከትናንት ወዲህ አልፈራም። አይታሽ የማታውቅ ሴት የእኔን እጅ አይታ የአንቺን እጅ መርቃለች። እጄ እስኪዝል ድረስ አንቺን አልረሳም፤ ለጠየቀኝም ሁሉ ማን እንዳስተማረኝ እናገራለሁ።

ራሔል ሰላም ብላሻለች።

ያንቺው ሙሌ